ቤተሰብን ይዞ ወደ ካናዳ፦ የሠለጠነ ሠራተኛ ማመልከቻ ከመሳቢያ ወረቀት እስከ መግቢያ ቀን

ይህ መመሪያ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው ሥርዓት፣ በፌዴራል የሠለጠነ ሠራተኛ መርሐ ግብር፣ ከትዳር አጋርና ከልጆች ጋር ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ለሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን ነው። በዚህ ሥርዓት አመልካቹ መጀመሪያ በኢንተርኔት ፕሮፋይል ይከፍታል፤ በነጥብ ከሌሎች ጋር ይወዳደራል፤ ነጥቡ ከበቃ እንዲያመለክት ጥሪ ይደርሰዋል። ኩቤክ የራሷ ሥርዓት ስላላት እዚህ አትገባም። «የኢትዮጵያ» ብለን ካልለየን በስተቀር ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ነጥብ በመቁጠር ነው። እኛ ግን ከቤት መሳቢያ ይጀምሩ እንላለን። ነጥብ ካነሰ ጥሪ አይመጣም፣ የሚያልቀውም በዚያው ነው። ጥሪ ከመጣና ክፍያው ከተከፈለ በኋላ ፋይል የሚያበላሸው ግን ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ ሁለት ወረቀቶች አለመስማማታቸው ነው።

ደረጃ 1፦ ወረቀቶቹን ማስማማት

የቤተሰቡን ሰነድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘርግተው ይመልከቱ፤ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ የባንክ ደብተር። በእያንዳንዱ ላይ ስምንና ቀንን ብቻ እያነበቡ በፓስፖርቱ ልክ ያስተያዩ። ዋናው ሰነድ ፓስፖርት ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይስተካከላል።

ጸሐይ የሚለውን ስም ይውሰዱ። በእንግሊዝኛ ፊደል መጨረሻው አንዱ ሰነድ ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ በ«አይ» ይጻፋል፤ አንዳንዱም መነሻውን «ቲ» ይጥለዋል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ፋይሉን ለሚያነበው መኮንን ግን ሦስት ሰው ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ የፊደል ብቻ ከሆነ ሰነዱን የሰጠው ክፍል እንዲያርመው ይጠይቁ፤ ካልሆነ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ፣ በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠ መግለጫ ያያይዙ። ትምህርት ቤት የተመዘገቡበት ስምና የፓስፖርቱ ስም ጭራሽ የተለያዩ ከሆኑ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉ በፊት ይጀመር።

የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ብዙ ሰው ያደናግራል። ፓስፖርቱ በዚያ መስመር ላይ የአያትን ስም ካስቀመጠ ፎርሙም ላይ የአያት ስም ይግባ፤ ከራስዎ አስተሳሰብ ተነስተው አያቀያይሩ። የባል፣ የሚስትና የልጆች «የቤተሰብ ስም» የተለያየ መሆኑ ጥፋት አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያዊት ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድ፣ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት ስም፣ ሦስተኛው የአያት ስም እንደሆነ የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ቢያያይዙ መልካም ነው። ማስረዳት አንድ ጊዜ ያደክማል፤ በኋላ ለሚመጣ የማብራሪያ ጥያቄ መልስ መሯሯጥ ግን ወራት ይበላል።

ቀን ሲመነዘር ደግሞ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ሁሉም ያውቃል፤ የሚያሳስተው የአንድ ቀኑ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን በ12 ይውላል። የኢትዮጵያ 1979 ጳጉሜው 6 ነበር። ስለዚህ ታኅሣሥ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ ዲሴምበር 25 ቀን 1987 ነው። እንደ ሌላው ዓመት የቆጠረ አስተርጓሚ ግን ዲሴምበር 24 ብሎ ይጽፈዋል። ፓስፖርቱ 24 ካለ የልደት ወረቀቱ ትርጉም 25 ማለቱ ፋይሉ ላይ ስንጥቅ ይሆናል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎችንም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ ይመንዝሩ።

በአማርኛ ያለ ሰነድ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ይተረጎማል፤ ከአስተርጓሚው ቃለ መሐላና ከዋናው ቅጂ ጋር ይቀርባል። እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አመልካቹ ወይም የቤተሰብ አባል የተረጎመው ተቀባይነት የለውም።

ደረጃ 2፦ ቤተሰብ ማለት ማን ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ፤ የማይስተካከለው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። በካናዳ ሕግ ጥገኛ ልጅ የሚባለው ዕድሜው ከ22 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ነው። ዕድሜው የሚቆለፈው የተሟላው ማመልከቻ በደረሰበት ቀን ነው፤ ፕሮፋይል በተከፈተበት ቀን አይደለም። የ21 ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ የልደት ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ያክብበው።

አብሮዎት የማይሄድ ልጅ ቢኖርም ይመዘገባል፤ የጤና ምርመራም ያደርጋል። ከጋብቻ በፊት የተወለደ፣ አያቱ ዘንድ የሚያድግ፣ ከእናቱ ጋር ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ሁሉም። «ለጊዜው ልተወውና በኋላ እወስደዋለሁ» ብሎ ሳይመዘገብና ሳይመረመር የቀረ ልጅ ወላጁ ካናዳ ከገባ በኋላ በቤተሰብ ድጋፍ እንዳይመጣ ሕጉ ይከለክላል። ስለ ትዳር አጋርም ያው ነው። ይህን ያደረጉ ወላጆች ከልጃቸው ጋር ለዓመታት ተለያይተው ቀርተዋል። ማንም ደላላ «ነጥብህን ይቀንሳል፣ ደብቀው» ቢልዎ አይስሙት።

ከቀድሞ ትዳር የወለዱትን ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር ያዘጋጁ፦ የሌላኛውን ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ከመታወቂያ ቅጂ ጋር፣ እንዲሁም የአሳዳጊነት የፍርድ ቤት ውሳኔ። ያሳደጓት የእህት ልጅ በልብ ልጅዎ ናት፤ በሕግ ጉዲፈቻ ካልተፈጸመ ግን በማመልከቻው ላይ እንደ ልጅ አትቆጠርም፤ ለስደት ሲባል ብቻ የተደረገ ጉዲፈቻም አይታለፍም።

በሽማግሌ ወይም በቤተ እምነት ብቻ የተጋቡ ሰዎች ጋብቻውን በወሳኝ ኩነት አስመዝግበው የምስክር ወረቀቱን ይያዙ። የጋብቻው ቀን የተፈጸመበት ቀን ነው፤ የተመዘገበበት ቀን ሌላ ነው። በፎርሙ ላይ ሁለቱን አያምታቱ።

ደረጃ 3፦ ሥራዎ ይቆጠራል ወይ?

ካናዳ ሥራዎችን ከ0 እስከ 5 በደረጃ ትመድባለች። ለዚህ መርሐ ግብር የሚቆጠሩት ከ0 እስከ 3 ያሉት ናቸው። ቢያንስ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ፣ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በድምሩ 1,560 ሰዓት የተከፈለበት ሥራ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ሊኖርዎት ይገባል።

ነርስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ መሐንዲስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ምግብ አብሳይ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ይቆጠራሉ። በቤት ውስጥ ልጅ መጠበቅና አረጋዊ መንከባከብ ደረጃ 4 ነው፤ የታክሲና የዕቃ ማድረስ ሹፌርነት ደረጃ 5። በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ለዓመታት የደከሙ እህቶቻችን በዚያ ልምድ በዚህ በር አይገቡም። ይህን እያወቀ ገንዘብ የሚቀበል ሰው እየዘረፋቸው ነው።

ቀጥሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤው። አገር ቤት የተለመደው እንዲህ ይነበባል፦ «አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሲቪል መሐንዲስነት በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው አገልግለዋል። ይህ የሥራ ልምድ በጠየቁት መሠረት ተሰጥቷቸዋል።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አበቃ። ይህ አይበቃም። የጎደሉት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ዝርዝር ተግባራት፣ እና የፈራሚው ሙሉ ስም፣ ኃላፊነት፣ ስልክና ኢሜይል ናቸው። ከተግባራቱ ሰባት ስምንቱን በራስዎ ቋንቋ በወረቀት ጽፈው ለሰው ኃይል ክፍሉ ይስጡ፤ የካናዳን የሥራ መግለጫ ቃል በቃል መገልበጥ ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል። ድርጅቱ «ከተለመደው ፎርም አንወጣም» ካለ የተለመደውን ይቀበሉና የቅርብ አለቃዎ የፈረመበትን ዝርዝር፣ የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ ወረቀትና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ይጨምሩበት። የተዘጋ ድርጅትም በዚሁ መንገድ ይረጋገጣል።

ደረጃ 4፦ የትምህርት ምዘና

ዲግሪዎ ከካናዳ ዲግሪ ጋር ያለው እኩያነት በተፈቀደለት ድርጅት ይመዘናል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዌስ (WES) የሚባለውን የምዘና ድርጅት ይጠቀማል፤ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ግን በየሙያቸው አካል በኩል ነው የሚያልፉት። ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ከቋንቋ ፈተናው በፊት ይህን ያስጀምሩ።

ትራንስክሪፕቱ በእጅዎ አይላክም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ በፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይልከዋል፤ በፖስታው ላይ የማመልከቻ ቁጥርዎ መጻፍ አለበት። ቁጥሩ ከተረሳ ፖስታው ደርሶም ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይቆያል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን ሳይጨርስ ሬጅስትራር ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አይሰጠውም። ቀሪ ዕዳዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ። የትዳር አጋርዎን ዲግሪም አብረው ያስመዝኑ፤ ነጥብ ያስገኛል።

ደረጃ 5፦ ፈተናውና ነጥቡ

እንግሊዝኛው አይኤልትስ (IELTS) በሚባለው ፈተና ከሆነ ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለው ነው እንጂ አካዳሚክ አይደለም። በስሕተት አካዳሚክ የተፈተነ ሰው ክፍያውም ድካሙም ከሰረ። ዝቅተኛው በአራቱም ክፍል 6.0 ነው፤ ይህ በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ደረጃ 7 ይባላል። ዒላማዎ ግን ደረጃ 9 ይሁን፦ ማዳመጥ 8.0፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 7.0።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። የ32 ዓመት አመልካች፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከሦስት ዓመት በላይ የሥራ ልምድ፣ አብሮ የሚሄድ የትዳር አጋር። አጋሩም የመጀመሪያ ዲግሪና በአራቱም ክፍል ደረጃ 7 አለው። አመልካቹ በአራቱም ደረጃ 8 ቢያመጣ ድምሩ 343 ነው። በአራቱም ደረጃ 9 ቢያመጣ 408። በየክፍሉ የግማሽ ነጥብ ልዩነት 65 ነጥብ አስገኘ፤ ቋንቋው ራሱን ከማሳደጉም በላይ የዲግሪውንና የልምዱን ነጥብ ስለሚያባዛ ነው። አሁን ሦስቱ 9 ሆነው መጻፍ ብቻ 6.5 ላይ ቢቀር ድምሩ 364 ይሆናል። አንድ ክፍል 44 ነጥብ ይዞ ይወርዳል። ለሁለት ወር ጽሑፍ ብቻ ማጥናት ከማንኛውም ደላላ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ 67 የሚለውን ቁጥር ከዚህ ጋር አያምታቱ። እሱ ከ100 የሚታሰብ የመግቢያ ማለፊያ ነው፤ ጥሪ ወደሚጠባበቁት አመልካቾች ገንዳ ያስገባዎታል እንጂ ጥሪ አያመጣም።

ዋና አመልካቹ ማን ይሁን? በልማድ ባልየው ይሆናል። ሁለቱንም መንገድ ያስሉ። ሚስት በዕድሜ ታንሳለች፣ ማስተርስ አላት፣ እንግሊዝኛዋም ይሻላል ከሆነ ማመልከቻው በእሷ ስም ይግባ፤ ለመላው ቤተሰብ የሚሰጠው መብት አንድ ነው።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡ

ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለመቋቋሚያ የሚጠየቀው ለአንድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር፣ ለሁለት 19,001፣ ለሦስት 23,360፣ ለአራት 28,362፣ ለአምስት 32,168 ነው። በየዓመቱ ይከለሳል፤ የሚያመለክቱበትን ዓመት ቁጥር ይያዙ። አብሮ የማይሄድ ልጅና የትዳር አጋርም በቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ።

የባንክ ደብዳቤው የባንኩን አድራሻ፣ የሒሳብ ቁጥሮችን ሁሉ፣ የተከፈቱበትን ቀን፣ የአሁኑን ቀሪ ሒሳብ፣ የ6 ወር አማካይ ቀሪና ያለብዎትን ብድር መያዝ አለበት። ባንኮቻችን ለቪዛ ብለው የሚሰጡት ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ አማካዩን አይጽፍም፤ ቆመው ያስጽፉ።

በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ምንጩ ይጠየቃል። እቁብ ከወጣልዎ የእቁቡን ሰብሳቢ የጽሑፍ ማረጋገጫና የመዋጮ መዝገቡን ቅጂ ይያዙ፤ መኪና ከሸጡ በውልና ማስረጃ የተመዘገበውን የሽያጭ ውል፤ ወንድም ከሰጠዎት የስጦታ ደብዳቤና የሰጪውን የባንክ መግለጫ። ብድር አይቆጠርም። ያልተሸጠ ቤትም አይቆጠርም።

ገንዘብዎ በብር ከሆነ ልክ በልኩ አያስቀምጡ። በጁላይ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያን ጊዜ በብር ልክ ያሟላ ሰው እንቅልፍ ተኝቶ ሲነሣ ጎደለበት። ገንዘቡ ሲያመለክቱ ብቻ ሳይሆን ቪዛው እስኪሰጥ ድረስ መሙላት አለበት።

ደረጃ 7፦ ፕሮፋይልና ጥሪ

ፕሮፋይል መክፈት ነፃ ነው፤ ለ12 ወር ይቆያል። በ2025 የተደረጉት ጥሪዎች በዋናነት ካናዳ ውስጥ ለሠሩ፣ ክፍለ ግዛት ዕጩ ላደረጋቸው፣ እና በተመረጡ የሙያና የቋንቋ ምድቦች ላሉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ 408 ይዘው አገር ቤት ተቀምጠው ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ሦስት መንገድ አለ። ነርስና ሌላ የጤና ባለሙያ ወይም የእጅ ሙያተኛ ከሆኑ የሥራ ኮድዎ (ካናዳ ለየሥራው የሰጠችው ቁጥር) በወቅቱ የምድብ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይመልከቱ። ሁለተኛው የክፍለ ግዛት ዕጩነት ነው፤ 600 ነጥብ ይጨምራል። ሦስተኛው ፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛ ምድብ መቁረጫ ነጥብ ከሌላው በእጅጉ ዝቅ ይላል፤ ዓመት ተኩል ለመማር ለቆረጠ ወጣት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

የሥራ ቅጥር ደብዳቤ እንሸጣለን የሚሉ ሰዎች አሉ። ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ የቅጥር ደብዳቤ በደረጃ ነጥቡ ላይ ምንም አይጨምርም። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ የ5 ዓመት እገዳ አለው፤ እገዳው ለአመልካቹ ነው፣ ጦሱ ግን ለመላው ቤት ይተርፋል። በክፍያ ሊወክልዎት የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ የካናዳ ጠበቃ ወይም በካናዳ የስደትና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ብቻ ነው፤ የአማካሪውን ስም በኮሌጁ ድረ ገጽ ይፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ስልሳው ቀን

ጥሪ ሲመጣ 60 ቀን ይሰጥዎታል። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥሪ ሳይመጣ ያሰናዱ።

የፖሊስ ማስረጃ፦ ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖሩበት አገር ሁሉ። አሁን ያሉበት አገር ማስረጃ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት፤ የቀድሞው አገር ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ እዚያ ከኖሩ በኋላ የተሰጠ። በባሕረ ሰላጤው አገር ለሠራ ሰው ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው፤ ከአገሩ ከወጡ በኋላ ማግኘት ስለሚከብድ ገና እዚያው ሳሉ ያውጡት። ዘግይቶ ከሆነ ያመለከቱበትን ደረሰኝና የተጻጻፉትን ሁሉ በማስረጃነት ያያይዙ። ባዶ ገጽ አያስገቡ።

የጤና ምርመራ፦ ከኦገስት 21 ቀን 2025 ጀምሮ በኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚያመለክት ሰው ምርመራውን ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ማድረግ አለበት። የሚቀበሉት ካናዳ ከዘረዘረቻቸው ሐኪሞች ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታክመው ከሆነ አይደብቁ፤ የሕክምና ካርዱንና የድሮውን ራጅ ይዘው ይሂዱ። በራጁ ላይ ጠባሳ ታይቶ የአክታ ካልቸር ከታዘዘ ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ 60 ቀኑን የሚበላው እሱ ነው።

ክፍያ፦ ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ በነበረው ታሪፍ ለእያንዳንዱ ባለትዳር 950 እና የነዋሪነት መብት 575፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 260፣ ለአሻራ በቤተሰብ 170 የካናዳ ዶላር ነው። ለሁለት ወላጅና ለሁለት ልጅ 3,740 ይመጣል። ታሪፉ በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ በሚከፍሉበት ቀን ያለውን ይመልከቱ። ክፍያው ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚፈልግ ካርዱን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ በ59ኛው ቀን ካርድ ሲለምን የተገኘ ሰው ብዙ ነው። አሻራ የሚሰጠው ከ14 ዓመት ጀምሮ ነው።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ልጅ ቢወለድ፣ ቢፋቱ፣ ሥራ ቢለቁ ወዲያው ያሳውቁ። የተወለደው ሕፃን ካናዳ ከመግባትዎ በፊት በፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት።

ደረጃ 9፦ ሲሄዱ

የቪዛው ማብቂያ ቀን ከጤና ምርመራውና ከፓስፖርቱ ቀን አያልፍም። የአንድ ልጅ ፓስፖርት ሊያልቅ ሲል የቤተሰቡ ሁሉ ጉዞ ስለሚጣደፍ የልጆቹን አስቀድመው ያሳድሱ። ዋና አመልካቹ ቀድሞ ወይም ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይገባል፤ ሚስትና ልጆች ቀድመው አይገቡም።

በእጅ ሻንጣ የሚያዙት ዋና ሰነዶቹ ሁሉ፣ የልጆች የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ውጤት ናቸው፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ክትባት ይጠየቃል። 10,000 የካናዳ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ከያዙ ለጉምሩክ ያሳውቁ፤ ማሳወቁ አያስቀጣም፣ አለማሳወቁ ያስቀጣል። የካናዳ አድራሻዎን በ180 ቀን ውስጥ ካልሰጡ የነዋሪነት ካርዱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አይላክልዎትም።

የዕቃ ዝርዝርም ሁለት አዘጋጅተው ይያዙ፦ አንዱ አብሮዎት የሚገባው፣ ሁለተኛው በኋላ የሚከተለው። የወርቅ ሐብልና የጆሮ ጌጥ ካለ እያንዳንዱን ፎቶ አንሥተው ግምቱን ከዝርዝሩ ጋር ያያይዙ። በመጀመሪያው ቀን ካላስመዘገቡት በሚቀጥለው ዓመት እናትዎ ይዘውት ሲመጡ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል።